ይሉኝታ የማያውቀው ዘበኛ

አከራያችን እምቢ ማለት አያውቁም። ይህን የምለው ለሙገሳ እንዳይመስላችሁ፤ ያኔ ቢያንስ ለሙገሳ አልነበረም። ገርጂ፣ ከአንድ ትልቅ ሕንፃ ጀርባ በተሸጎጠው ግቢያቸው ከወንድሜ ጋር ስንገባ ኢንተርኔቱ ከኪራዩ ጋር እንደሆነ ነግረውን ነበር። መስመሩ የሚገባው እሳቸው ቤት ነው፣ ተከራዩ በሙሉ በዋይፋይ ይጠቀማል። ያልነገሩን ነገር ፓስዎርዱን ለጠየቃቸው ሁሉ እንደሚሰጡ ነው። ለዕድር ሰዎች ሰጥተዋል። ከአጥሩ ወዲያ ላለው ጸጉር ቤት ሰጥተዋል። የውሃ ቆጣሪ ሊያነብ ለመጣ ሰው እንኳ ሰጥተዋል፤ ሰውየው ከዚያ ወዲህ ሥራ ባይኖረውም ጎራ እያለ አጥራችንን ተደግፎ ስልኩን ሲነካካ ይታያል።

እኔ ደግሞ ቶሎ የሚግል ደም ነው ያለኝ። ኦሎምፒያ አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ኔትወርክ ሳስተካክል ውዬ፣ ከመገናኛ በሚኒባስ ተጋፍቼ ቤቴ ስገባ የራሴው አልሠራ ሲል ደሜ ይፈላል። አንድ ቀን በራቸው ላይ ቆሜ፣ እትዬ፣ ፓስዎርድ እኮ እንደ ቤት ቁልፍ ነው፣ ለመንገደኛ አይሰጥም አልኳቸው። እሳቸው ግን ምንም አልመሰላቸው። ያለኝን የለኝም ልበል፣ ሰውስ ምን ይለኛል፣ አሉኝና ሻይ ልቅዳልሽ ብለው ገቡ። ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር እንዴት ይጣላሉ?

ለሌላው ተከራይ የኢንተርኔት መንቀርፈፍ ብስጭት ነው፣ ያልፋል። ለወንድሜ ግን እንዲያ አልነበረም። ወንድሜ መስማት የተሳነው ነው፤ የሚናገረው በእጁ ነው። እንጨት ሠሪ ነው፣ ከኔ በብዙ ይበልጣል፣ እኔን ያሳደገኝ እሱ ነው ማለት ይቻላል። ሚስቱና ሴት ልጁ ሐዋሳ ናቸው፤ ሁለቱም ይሰማሉ፣ የምልክት ቋንቋውን ግን እንደ አፍ መፍቻቸው ያውቁታል። እሱ ሥራ ስለበዛለት አዲስ አበባ እኔ ጋ ሆኖ ይሠራል፣ ማታ ማታ በቪዲዮ ያወራቸዋል። ምስሉ ቀጥ ሲል የሱ እጅ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። እኔና እናንተ ምስሉ ቢጠፋ በድምፅ እንጨርሳለን። እሱ በምን ይጨርስ? የስልክ ዳታ እንዳይጠቀም ደግሞ ያ ትልቅ ሕንፃ ስለጋረደን ውጭ በር ላይ ካልወጡ አይሠራም። ስንቴ እንደ ሻሽ የሳሳ ምስል ላይ አፍጥጦ ቆይቶ ስልኩን ደፍቶ ሲነሳ አይቼዋለሁ።

በዚያ ላይ የሱ ነገር ሁሉ በሰው አፍ ነው የኖረው። ባንክ ስንሄድ ገንዘብ ያዡ እሱን ትቶ እኔን፣ «ምን ይላል?» ይለኛል። ክሊኒክ ስንሄድ የሚያመው እሱ፣ የሚጠየቀው እኔ። ሲያገባ እንኳ ስለ እሱ የተናገሩለት አጎታችን ናቸው፤ እሱ ሙሉ ልብስ ለብሶ የሰው አፍ ሲያይ ነው የዋለው። ለመመለስ እጁን ሲያነሳ ሌላው መልሶ ጨርሷል። እኔም ራሴ ስቸኩል አደርገዋለሁ፤ እሱ ይስቃል፣ ሆዱ ውስጥ ያለውን ግን አውቀዋለሁ።

እና አከራያችንን መለወጥ እንደማልችል ሲገባኝ ሌላ መላ መጣልኝ። እሳቸው እምቢ ካላሉ፣ እምቢ የሚል ዕቃ ልሥራላቸው አልኩ። መሥሪያ ቤታችን ሊያስወግደው ጥግ ካስቀመጠው ውስጥ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ለምኜ አስፈቀድኩ። ለሁለት ሰው የሚበቃ አቧራ ከሆዱ አወጣሁ። ገመድ የሚሰካበት ሁለተኛ የኔትወርክ ካርድ ጨመርኩበት፣ ሊኑክስ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ጫንኩበት። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከውጭ የሚመጣው የኢንተርኔት ገመድ በአንዱ ጆሮው ይገባል፣ በሌላው ጆሮው ወጥቶ ለግቢው ይታደላል። የድሮዋ የዋይፋይ ሣጥን ሥራዋ ሲግናል መበተን ብቻ ሆነ፤ ማን ይለፍ፣ ማን ይቆይ፣ ማን ስንት ያግኝ የሚለውን የሚወስነው መካከል የተቀመጠው ኮምፒውተር ነው። ከውጭ ሳይጠራ ሊገባ የሚሞክረውንም የሚመልሰው እሱ ነው። ዘበኛ በሉት፣ ያውም ይሉኝታ የሌለው ዘበኛ።

እንዲህ በአጭሩ ሳወራው ቀላል ይመስላል እንጂ አበሳዬን አይቻለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ዘበኛው የሚመራበትን የፋየርዎል ሕግ ስጽፍ፣ ሁሉንም ዝጋ የሚለውን አስቀድሜ፣ እኔን አስገባ የሚለውን አስከትዬ ጻፍኩና ራሴን ውጭ ቆለፍኩ። ግቢው በሙሉ ኢንተርኔት አልባ ሆነ። ኮምፒውተሩን ያስቀመጥኩበት ደረጃ ሥር ተንበርክኬ የተዋስኩትን ስክሪን ሰክቼ ሳስተካክል፣ ፊት ለፊታችን የሚኖረው የሚኒባስ ሹፌር መጥቶ፣ የመንግሥት ሥራ ትተሽ መብራት ኃይል ገባሽ እንዴ ብሎ ሲያሾፍብኝ ዋለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ሕግ በችኮላ መንካት እንደ እባብ እፈራለሁ።

ሲስተካከል ግን፣ ወይ ደስ ሲል! ሕጉን በሦስት ከፈልኩት። የወንድሜ ስልክ ከሁሉ በፊት ያልፋል። የተከራዮቹና የአከራያችን ስልኮች፣ አንድ በአንድ መዝግቤአቸው፣ እኩል ይካፈላሉ። ዘበኛው የማያውቀው ዕቃ ሁሉ ደግሞ እንግዳ ነው፤ እንግዳ አይባረርም፣ ከሌሎቹ የተረፈችውን ጭላፊ ያገኛል። ሌላው ሁሉ ካልተጠቀመ ግን መስመሩ በሙሉ ለእንግዳም ይለቀቃል። በቃ። ወንድሜ እንጨት ሥራ ቤቱ ውስጥ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ሣጥን ሠርቶለት መጣ፣ ሙቀቱ እንዲወጣ። ሲያስቀምጠው ጀርባውን መታ መታ አደረገው፣ በግ ሲገዛ እንደሚያደርገው።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ሰላም ሆነ። አከራያችን ፓስዎርዱን እንደ ልባቸው ይሰጣሉ፣ ማንንም አላሳዘኑም፤ ቆጣሪ አንባቢው ብቻ መምጣቱን አቆመ። ወንድሜ ከሚስቱ ጋር እየሳቀ ሲያወራ የእጁ ጥላ ግድግዳው ላይ ሲሯሯጥ እያየሁ ራት እሠራለሁ። እግዜር ይመስገን፣ እውቀቴ ለቤቴ የደረሰው ያኔ ነው። አንድ ምሽት ሚስቱ የምትነግረውን እያየ ቆየና ዞሮ፣ ልጃችንን ሊጠይቁ ሽማግሌ ሊልኩ ነው አለኝ። እየሳቀ ነው የሚያለቅሰው ወይስ እያለቀሰ ነው የሚስቀው፣ ለመለየት አስቸገረኝ።

ቀኑ የተቆረጠው ሁዳዴ ሊገባ ሲል፣ በቅበላው እሑድ ነው። ካለፈ ደግሞ እስከ ፋሲካ መጠበቅ ነው፣ የሚጠየቅለት ልጅ ደግሞ ከፋሲካ በፊት ለሥራ ወደ ሩቅ ገጠር ተመድቧል። ወንድሜ ሙሉ ልብሱን አስተኩሶ ሰቀለ። እና ሐዋሳ ሊሄድ ሲዘጋጅ እንጨት ሥራ ቤቱ ውስጥ የተደረደረ ጣውላ ተንዶ እግሩን ሰበረው። ሐኪሙ በጀሶ አስሮ፣ መንገድ የሚባል ነገር እንዳታስብ አለው። ያን ቀን እንኳን እግሩ ልቡም ነው የተሰበረው። የሚስቱ ወንድም ከሐዋሳ ደውሎ፣ ምንም አይደል፣ በሱ ስም እኔ እመልሳለሁ አለኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ሊረዳን ብሎ ነው። ለወንድሜ ነገርኩት። እጁን አነሳና እንዲህ አለኝ፤ «ስለ ልጄ ብቻ እኔ ልናገር። ሌላውን ሁሉ ወስዳችሁታል፣ አልተቀየምኩም።»

እና በቪዲዮ ይሁን ተባለ። እሱ ከገርጂ በእጁ ይመልሳል፣ ሚስቱ ሐዋሳ ላይ ሆና ለሽማግሌዎቹ በአፏ ትነግራለች። ሽማግሌዎቹም ተጠይቀው ፈቀዱ። እኔ ቀኑ እስኪደርስ ዘበኛውን ስፈትሽ ሰነበትኩ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ግቢው ሁሉ ኳስ በኢንተርኔት እንደሚያይ አውቃለሁ፣ ጸጉር ቤቱም እንዲሁ። አልሰጋሁም። የወንድሜ ስልክ ከሁሉም ፊት ነው፣ ማንም አይነካውም።

እሑድ ወንድሜ ሙሉ ልብሱን ለበሰ፤ የሱሪውን አንድ እግር ለጀሶው ብዬ በመቀስ ቀደድኩት። ጠዋቱን በሙሉ ከልጁ ጋር በስልክ ሲያወራ አረፈደ። ሰዓቱ ሊደርስ ሲል አከራያችን ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አንድ ነገር በፎጣ ጠቅልለው ገቡ። ጎሮ እህታቸው ቤት ድረስ ሄደው ትልቅ ታብሌት ተውሰው መምጣታቸው ነው። በዚህች መዳፍ በማትሞላ ስልክ ሽማግሌ አይቀበልም፣ ነውር ነው፣ ሙሉ ፊቱን ይዩት አሉ። ለሠርግ ድንኳኑም ምንጣፉም ብርጭቆውም በውሰት በሚሞላበት አገር ይሄ ምን ይደንቃል? ወንድሜ በታብሌቱ ውስጥ የራሱን ፊት አይቶ ክራቫቱን አስተካከለ። እኔ ዓይኔ እንባ ሞልቶ፣ እትዬ እድሜ ይስጥልኝ እያልኩ እስማቸው ነበር። ፓስዎርዱን ራሴ አስገባሁለት፣ ወደ ልጅቱም ቁጥር በቪዲዮ ደወልኩለት። በዚያች ሰዓት ስለ ዘበኛው ጨርሶ ትዝ አላለኝም። የወንድሜ ክብር ብቻ ነበር የታየኝ።

ሐዋሳ ተገኘ። ሽማግሌዎቹ ነጭ በነጭ ለብሰው ገብተው ቆሙ። ተቀመጡ ሲባሉ ትልቅየው ሰው፣ ጉዳያችን መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም አሉ፣ ወጉ ነው። ከየት እንደመጡ፣ የማን ልጅ ለማን ልጅ እንደሚጠይቁ ተናገሩ። ሚስቱ በእጇ ታስተረጉምለታለች፣ ወንድሜ ትንፋሹን ይዞ ያያል። ተናግረው ሲጨርሱ ሁሉም ወደሱ ዞሩ። እጁን አነሳ። ምስሉ ቀጥ አለ።

መጀመሪያ የሐዋሳው መስሎኝ ነበር። በኋላ ድምፁ እየተቆራረጠም ቢሆን እንደሚመጣ ስሰማ የጠበበው የኛው መስመር መሆኑ ገባኝ። ታብሌቱ! ዘበኛው ታብሌቱን የት ያውቀዋል? እንግዳ ነው። ከኳሱ፣ ከጸጉር ቤቱ፣ ከሁሉም የተረፈችውን ጭላፊ እያካፈለው ነው። የወንድሜን ስልክ ብድግ አደረግሁ፤ ጠዋት ሲያወሩበት ባትሪው አልቆ ጠፍቷል። ላፕቶፔን ከፈትኩ፣ የታብሌቱን አድራሻ ከወንድሜ ስልክ ጎን ላስገባው ብዬ። ሕጉ እንደ አዲስ ሲነሳ ጥሪው ይቋረጣል፤ አንዲት ፊደል ከሳትኩ ደግሞ ግቢው በሙሉ ይዘጋል፣ እኛም አብረን።

ከሐዋሳ የሚስቱ ወንድም ድምፅ መጣ። ኔትወርኩ ካስቸገረ ሽማግሌዎቹ እንዳይጉላሉ እኔ ልመልስ አለ። ወንድሜ የኔን ፊት እያየ፣ ምን አለ አለኝ። ነገርኩት። እጁን ወደ ጭኑ መለሰ። እንዲያ ሲያደርግ ሳይ ላልቅስ ደረስኩ።

አከራያችን ሁሉንም ሰምተዋል። ምን ሆነ አሉኝ፣ ኳሱ፣ ሰው ሁሉ ኳስ እያየ ነው፣ መስመሩ አልበቃንም አልኳቸው። ስለ ታብሌቱ ትንፍሽ አላልኩም፤ ከጎሮ ድረስ ያመጡትን እንዴት ብዬ! እሳቸው ወጥተው ግቢው መሐል ቆሙ። ከመስኮት አየኋቸው። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ልጆቼ፣ ዛሬ ብቻ እምቢ ልበላችሁ። ሁላችሁም ስልካችሁን ዝጉልኝ» አሉ። እኚህ ሴትዮ! ሹፌሩ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ከነካልሲው ወጣ። ምክንያቱን ሲሰማ ስልኩን አጠፋው። ከስልጤ የመጡት ባልና ሚስት፣ ነጋዴዎች ናቸው፣ ልጆቻቸው የሚያዩትን ካርቱን ዘግተው ልጆቹን ይዘው ወጡ። አከራያችን በነጠላቸው አጥሩ ጋ ሄደው ጸጉር ቤቱን በድንጋይ አንኳኩ፤ እዚያም ተዘጋ። ስንት ዘመን ፓስዎርድ ለምነው የወሰዱ ሁሉ፣ እሳቸው አንድ ቀን ሲለምኗቸው እንዴት እምቢ ይበሉ? እኔ ስረግመው የኖርኩት ይሉኝታ ነው መስመሩን የከፈተልኝ። ዛሬም ሳስበው አፌን ሞልቼ ተመስገን እላለሁ።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ከሐዋሳ ትልቁ ሽማግሌ ለሚስቱ ወንድም ሲመልሱለት ሰማሁ። ድምፃቸው ደክሟል፣ ቃላቸው ግን አልደከመም። «አባት እያለ አጎት አይመልስም። እስኪመጣልን ቆመን እንጠብቃለን።» ይህን ለወንድሜ በእጄ ስነግረው ደግመሽ ንገሪኝ አለኝ። ደገምኩለት።

ከዚያ ምስሉ ተገድቦ እንደ ቆየ ውሃ ተለቀቀ። ሽማግሌዎቹ እንደ ቆሙ ናቸው። አንደኛው ከዘራቸው ላይ ተደግፈዋል፣ ሌላኛው ግድግዳውን ይዘዋል፣ የተቀመጠ ግን አንድም የለም። ወንድሜ እጁን አነሳ። አልቸኮለም። ልጄ ሕፃን ሳለች ስታለቅስ አልሰማትም ነበር፣ ስለዚህ ሌሊት እጄን ደረቷ ላይ አድርጌ እተኛ ነበር፣ ማልቀሷን በመዳፌ እንዳውቅ አለ። የእናንተ ልጅ ጆሮ አለው፣ እኔ የደከምኩትን አይደክምም፤ በጠራችው ጊዜ ዘወር ብሎ ይያት፣ ሌላ አልጠይቅም አለ። በመጨረሻ፣ «ልጄን ሰጥቻለሁ» አለ። ሚስቱ ይህን በአፏ ስትል ድምፅዋ ሁለቴ ተቆረጠ፣ ኔትወርኩ ግን አልተቆረጠም። ሐዋሳ እልል ተባለ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ።

ጥሪው ሲዘጋ በራችን ላይ ግቢው ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። ሹፌሩ ጨዋታው በምን እንዳለቀ አላወቀም፣ አልጠየቀምም። የነጋዴው ሚስት እንኳን ደስ ያላችሁ እያለች አቀፈችኝ። አከራያችን ወንድሜን ግራና ቀኝ ሳሙትና እጁ ሲንቀሳቀስ አይተው ወደኔ ዞሩ፤ ምን ይላል፣ ደስ አለው አይደል አሉኝ። እኔም እንደ ልማዴ አዎ ልል ነበር፣ ግን ቆም ብዬ እጁን አየሁ። እስኪጨርስ ጠበቅሁት። ሌላውም አብሮኝ ጠበቀ፣ ልጆቹ ሳይቀሩ።

ስለ ልጁ እያወራ አልነበረም።

«አየሻቸው?» አለኝ። «ሽማግሌዎች ናቸው፣ እግራቸው ያማል። እኔ እስክናገር ብለው ግን አልተቀመጡም።»